የዮሐንስ ዋዜማ በኦስሎ

ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ በሰኔ፣ አንድ አደራ ይዤ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ኦስሎ ውስጥ ነርስ ናት። እዚያ ካሉ ጠንቋዮች ጋር ገጥማለች የሚል ወሬ ደብረ ማርቆስ ድረስ ደርሶ እናታችንን እንቅልፍ ነሥቷታል። እማዬ በርበሬም ድርቆሽም አልላከችም። ፍሬ የያዘ ጤና አዳም በነጠላ ቁራጭ ቋጥራ ሰጠችኝ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጠንቋይ ቤት ስለምታድሪ ከአጠገብሽ አይለይ» አለችኝ። «እሷንም ይዘሻት ነይ።»

ጥንቆላ ሲባል ለእኛ የታወቀ ነው፤ ገብስማ ዶሮ፣ ጨሌ፣ መጋረጃ ጀርባ የሚያጓራ ሰውዬ። ትርንጎን ከዚያ መጋረጃ ጀርባ እያሰብኩ ሌሊቱን በረርኩ።

ኦስሎ፣ ጠዋት

ባቡር ጣቢያው ውስጥ ቆማ ስትጠብቀኝ ጨሌ የለ፣ ምን የለ፤ ያቺው ትርንጎ ናት። ተቃቅፈን አልቅሰን ስናበቃ፣ «ከሥራ ነው የመጣሽው? ደክሞሻል መሰል» አልኳት። «ነይ» አለችኝ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደፊት ሄድኩ። ዞር ስል ቆማ ትስቃለች። ለካ «ነይ» በኖርዌይኛ «አይ» ማለት ነው፤ አፏ ለምዶት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ «ነይ» ባለች ቁጥር እነሣለሁ፣ በተነሣሁ ቁጥር ይሣቅብኛል።

ቲ-ባነ በሚሉት የከተማ ባቡራቸው ትቬይታ የሚባለውን ጣቢያ አልፈን እሷ ሰፈር፣ ሃውገሩድ ወረድን። ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ መስኮቱን ያያል፤ የምናወራው እኛ ብቻ ነበርን። ቤቷ ከሰፈሩ ፎቆች በአንዱ ነው። ዳቦ በቡናማ አይብ አቀረበችልኝ። አይብ ብዬ ጎረስኩት፣ ከረሜላ ሆነብኝ።

ሳልውል ሳላድር ስለ ጠንቋዮቹ ጠየቅኋት። አልተቆጣችም። እዚህ ሄክስ፣ ማለትም ጠንቋይ፣ የሚባሉት ሴቶች አያሟርቱም፤ ጨረቃን፣ ወቅቶችንና ዕፅዋትን እያከበሩ ይጸልያሉ አለችኝ። መንገዱም አንድ አይደለም። የጥንት የኖርዌይ አማልክትን የሚከተሉ አሉ፣ መምህርና መሐላ ባለው ማኅበር የታቀፉ አሉ፣ ብቻቸውን የሚሄዱም አሉ። እሷን አንድ ማኅበር ጋብዟታል፤ መልሱን የምትሰጠው በማግስቱ ምሽት ነው። የገባች ሴት ቤተሰብ ያወጣላትን ስም ትታ አዲስ ስም ትቀበላለች፣ የምታደርገውንም ለቤተሰብ አትናገርም።

«ላንቺም ቢሆን፣ እታለም።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ?»

«ያ» አለች፣ አዎ ማለቷ ነው። «እሄዳለሁ። አማርኛውን ስሰማ ደስ ይለኛል። ጸሎት የሚመጣልኝ ግን ጫካ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?»

ቋጠሮውን አውጥቼ ሰጠኋት። ከጠንቋይ እንዲጠብቀኝ የተላከ መሆኑን ስትሰማ ሣቀች። ፈትታ ስታሸተው ግን እንባዋ መጣ። እነዚያ ሴቶችም ጤና አዳም ከክፉ ነገር ይጠብቃል ይላሉ አለችኝ። የእማዬ መከላከያ ለጠንቋይዋ ስጦታ ሆኖ አረፈው።

ሉትቫን ሐይቅ፣ ምሽት

በማግስቱ በጫካው መሀል በእግር ተጉዘን ሉትቫን የሚባል ሐይቅ ዳር ደረስን። መሽቷል ይባላል እንጂ ፀሐይዋ የመግባት ሐሳብ የላትም። ጥቂት ሴቶች እሳት አንድደው እንጆሪ ይበላሉ። መሪያቸው ኢንገር ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ታጓራለች ብዬ ስጠብቅ ብርድ እንዳይመታኝ ሹራብ ደረበችልኝ። ወጣቶቹ አበባ ይለቅማሉ። ትራስ ሥር አድርገውት ካደሩ የወደፊት ባል በሕልም ይታያል አሉ። የምን በዓል እንደሆነ ትርንጎን ጠየቅኋት።

«ሳንክትሃንስ ይሉታል» አለችኝ። «ቅዱስ ዮሐንስ ማለት ነው። ዛሬ ዋዜማው ነው።»

እኛም እኮ ልጆች ሳለን በጳጉሜን ማብቂያ፣ በዮሐንስ ዋዜማ፣ ሜዳ ወርደን እንግጫ እንነቅል ነበር። ሣሩን ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነን በየቤቱ ምሰሶ እናስራለን፤ ማታ ችቦ ይበራል። ትርንጎ ሣሩ አልነቀል ሲላት ታለቅሳለች፤ እኔ ወገቧን ይዤ ከኋላ እስባታለሁ፤ ተያይዘን ጭቃው ላይ እንወድቃለን። ቄሱ ሲያልፉ ይመርቁናል እንጂ ጥንቆላ ያለን ሰው አልነበረም። ያ ሜዳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። እዚያ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ እንዴት እንደናፈቀኝ።

ኢንገር ትርንጎን ከእሳቱ ማዶ አቁማ ጠየቀቻት። ቋንቋው ባይገባኝም ጥያቄውን አውቀዋለሁ። ትርንጎ እሳቱን አየች፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየች።

«ነይ» አለች።

ተነሣሁ። ከትናንት ጀምሮ የተሣቀብኝ ሁሉ ተረስቶኝ፣ እሳቱን ዞሬ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ኢንገር አልተቀየመችም፤ ለሁለታችንም እንጆሪ ዘገነችልን።

ስንመለስ ትርንጎ መንገዷን ብቻዋን እንደምትሄድ ነገረችኝ። ጫካውንም ጨረቃዋንም አትተውም፤ ስሟን ግን አትለውጥም፣ ከእኛም አትደበቅም።

«ለማን ነበር ‹ነይ› ያልሽው?» አልኳት።

«ለሁለታችሁም።»

ደብረ ማርቆስ

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ለሰው በወሬ ስም ከማውጣት በፊት ሄዶ አጠገቡ መቀመጥን ነው። ይህንን ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ግን መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። ብቻዬን ስገባ ስታይ ፊቷን አዞረች። አልዋሸኋትም። ትርንጎ መሐላውን እምቢ ማለቷን፣ ጫካውን ግን አለመተዋን፣ የጤና አዳሙን ፍሬ በረንዳዋ ላይ መዝራቷን ነገርኳት።

እማዬ ትረግማታለች ብዬ ፈራሁ።

«ጤና አዳም ብርድ አይችልም» አለች። «ሳይበርድ ቤት ታስገባው በያት።»