ገናን ላፋጥን ዳባት ሄጄ

በገና ማግስት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጎንደር መናኸሪያ ተነሳሁ። የስፖርት መምህር ነኝ። የአንድ የከተማ ዝግጅት አስተባባሪዎች የገና ጨዋታን ለማሳየት አስበው፣ «ግማሽ ቀን የሚፈጅ ጨዋታ ማን ቆሞ ያያል? አሳጥርልን» ብለውኝ ነበር። እኔም ሕግ ጻፍኩ፤ ጨዋታው ከአንድ ሰዓት አያልፍም፤ ጥንጓ ማለትም የእንጨት ኳሷ እግሩ ሥር የደረሰች ተጫዋች፣ አምስት እስክቆጥር ካልመታ ለተቃራኒው ቡድን ትሰጣለች። ሕጉን ልሞክረው ነው የሄድኩት።

ወለቃ ላይ አንዲት ሴት ሁለት የሸክላ ድስት አቅፋ ተሳፈረች። ወገራ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ትኩስ ቅቅል በልተን ቀጠልን። ዳባት ከወረድኩ በኋላ ጨዋታው ወዳለበት መንደር አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ።

ሜዳው ላይ፣ ሰባት ሰዓት

የገብስ ማሳው ታጭዷል። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ዱላቸውን ይዘው ገጥመዋል። ዳኛው አያ ታረቀኝ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። መቺው ዱላውን ከማንሳቱ በፊት «ገለል!» ብሎ ይጮሃል፤ ከፊቱ ያሉት ዞር እስኪሉ ቆሞ ይጠብቃል። በየምቱ እንዲህ ነው። ትዕግሥቴ አለቀ።

«አያ ታረቀኝ፣ በእኔ ሕግ እንሞክረው?»

«ምነው፣ ማን አስቸኮለህ?»

«የከተማ ሰው አይጠብቅም።»

«እንግዳ ነህ፤ እሽ። ገለል ማለቱን ግን አታስቀር፤ ሸጋ አይሆንም።»

«ጊዜውን የሚበላው እሱ እኮ ነው!» አልኩና ፊሽካዬን ነፋሁ።

ጨዋታው ነደደ። ተመልካቹ ጮኸ፣ እኔም ደስ አለኝ። «ሦስት! አራት!» ስል አንዱ ዱላውን በችኮላ ሰነዘረ። ጥንጓ ስትወነጨፍ አላየኋትም፤ ድምፅዋን ብቻ ሰማሁ። የአያ ታረቀኝ ልጅ ሙሉቀን ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። በጣቶቹ መካከል ደም ወረደ።

ደርቄ ቀረሁ። «አምስት» ከአፌ አልወጣም። አንዲት ሴት ነጠላዋን ቀድዳ አሰረችለት፤ ወንዶቹ በቃሬዛ አንስተው እስከ አስፋልቱ ሮጡ። እኔም ከኋላ ደርሼ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝኩ።

ወደ ጎንደር

ሚኒባሱ ውስጥ አያ ታረቀኝ የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተጓዙ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሆስፒታል ደርሰን ብዙ ከጠበቅን በኋላ ሐኪሙ ወጣ። «ሕይወቱ አያሰጋም። ግራ ዓይኑ ግን ከእንግዲህ አያይም» አለን።

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። አያ ታረቀኝ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«በአባቴ ዘመን» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንዲሁ በጥንግ ተመትቶ ሜዳ ላይ የሞተ ሰው ነበር። መጠበቅ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። ምነው መምህር፣ አንዴ እንኳ ‹ለምን?› ብለህ ብትጠይቀን?»



ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ኮቴ ላይ ደም አይታ ጮኸች። ሁሉንም ነገርኳት። በማግስቱም ለአስተባባሪዎቹ፣ ሕጉ የሰው ዓይን እንዳጠፋና ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሃያ ዓመት ስፖርት ሳስተምር ፍጥነትን ስለካ ነው የኖርኩት። የሜዳው ሰዎች ግን ቆመው ሳያቸው ዳተኞች መሰሉኝ፤ ለካስ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነበር።