የእማማ ገነቴ ወገብ

ሆሳዕና ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት እንጨት ስቀርጽ ኖሬያለሁ፤ ሥራዬን በትክክለኛ ስሙ የጠራልኝ ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። «ቀራጺ ነኝ» እላለሁ፤ ሰዉ «ቀራጭ» ብሎ ይመልስልኛል። ብዙው ሰው አማርኛን የለመደው ከትምህርት ቤትና ከስብከት ነው፤ በስብከት ደግሞ ቀራጭ ማለት ግብር ሰብሳቢ ነው። አንዲት ፊደል! አንዲት ፊደል እኮ ሰው ታሳብዳለች።

አምና ለአዲሱ የባህል አዳራሽ እንሰት የምትፍቅ ሴት በዋንዛ እንድቀርጽ ታዘዝኩ። ከፎቶ መቅዳት አልወድም። ስለዚህ ሆመቾ ከተማ የሚያስተምረውን ጓደኛዬን ሶፎንያስን፣ ሴቶች እንሰት ከሚፍቁበት ጓሮ ውሰደኝ አልኩት። እሱም፣ የተባረከ፣ ቀድሞኝ ገብቶ በሀዲይኛ ሲያወራ ቆየና ያቺን አንዷን ቃል በአማርኛ ጣል አደረጋት፤ «ቀራጭ ከሆሳዕና መጥቷል።» እኔ ስገባ ሴቶቹ መፋቂያቸውን ጥለው በአጥሩ በኩል ወጥተዋል። የቀሩት እማማ ገነቴ የሚባሉ አሮጊት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ደፋር ሆነው ሳይሆን ወገባቸው ቶሎ ስላላስነሳቸው ነው።

«ጻፍ እንግዲህ፤ ያለኝ ይኸው ነው» አሉኝና መፋቃቸውን ቀጠሉ።

አንድ እግራቸውን ባዘመመው ሳንቃ ላይ ሰቅለው የቀርከሃ መፋቂያውን ወደ ታች ሲገፉት ጀርባቸው እንደ ደጋን ይለጠጣል። ቁንጅና ማለት ለስላሳና ቀጥ ያለ ነገር የሚመስለው ሰው ያናድደኛል። ዛፍ እንኳ ዓይን የሚይዘው ነፋስ ያጎበጠው ነው። ያን ጀርባ ሳይ፣ በቃ፣ ከዚህ የሚያምር ነገር በሕይወቴ አላየሁም አልኩ። አራት ወር ሙሉ ከአንድ ጎባጣ ግንድ ጋር ስታገል ከረምኩ።

የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ አሳምነው ሥራውን ሊያዩ መጡ። ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ጥሩ ነው፣ ቲቶ። ብቻ ወገቧን ቀና አድርጋት።»

«ቀና ብላ እንሰት የምትፍቅ ሴት የት አይተዋል?»

«የሚያየው እንግዳ ነው እኮ። ትንሽም ፈገግ ትበል። ጥርሷ ቢታይ አይከፋም።»

ደሜ ፈላ። በቆጮ ያደገ ሰው እንዲህ ይላል? ካልቀናች አዳራሽ አትገባም አሉ፤ እኔም ካልጎበጠች አልሰጥም አልኩ። በመጨረሻ «የጀርባው ባለቤት ትፍረድ!» ብዬ እማማ ገነቴን በሚኒባስ አስመጣኋቸው። እንደሚፈርዱልኝ አልተጠራጠርኩም።

እማማ ገነቴ ከአንገቷ ጀምረው እስከ ወገቧ በመዳፋቸው ዳሰሷት።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሁሌም እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው?» ወደ እኔ ዞሩ። «አቅናኝ፣ ልጄ። ሐኪም አላቀናኝም፤ አንተ እንኳ አቅናኝ።»

አቶ አሳምነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሳቸው ተናደድኩ፤ በእማማም ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ በራሴ አፈርኩ። አራት ወር ሙሉ ያን ጀርባ ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ ነው እያልኩ ስቀርጽ፣ አንድ ቀን እንኳ «ያምዎታል ወይ?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

«የተቀረጸ እንጨት አይቀናም፣ እማማ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ታዲያ ሌላ ጀምራ።»

ቁመታቸውን ልለካ ሜትር ይዤ ብጠጋ እጄን ገፉት። ወደ ግድግዳው ሄዱና ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከራሳቸው በላይ ጣታቸው እስከ ደረሰበት ድረስ መዳፋቸውን ለጠፉ።

«እዚህ ድረስ ነበርኩ» አሉኝ።

እርሳስ አውጥቼ አሰመርኩበት።