የእናቴን ስም የጠየቀኝ ስልክ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ስማርት ስልኬን በስደት በምኖርበት አገር ሮዝቪል ከሚባል ከተማ ሱቅ ገዛሁ። ሻጩ ፈገግታ የማይለየው ወጣት ነበር። አካውንት ሲከፍትልኝ ስሜንና የልደት ቀኔን ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ መክፈቻው ቢጠፋብኝ ማንነቴ የሚረጋገጥበት ጥያቄ ነው ብሎ «እናትሽ ከማግባቷ በፊት የቤተሰብ ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

«ያው ነው» አልኩት። «እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። እስክትሞት ድረስ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው።»

ሳቀ። «ባዶ ከተተወ ኮምፒውተሩ አያሳልፈኝም፤ ግድ የለም፣ እኔ አንድ ነገር እሞላበታለሁ» ብሎ ሞላው። ምን ብሎ እንደሞላው አልጠየቅኩትም። እኔ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ ሳላገላብጥ የማልገዛ ሴት! እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

ሲዋርድ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ተመልሼ ቁጥሮቼን አንድ በአንድ ከደብተሬ ወደ ስልኩ ገለበጥኩ። ሻጩ «ሁሉም እኛ ጋ ይቀመጣል፤ ወረቀት አያስፈልግሽም» ብሎኝ ስለነበር ያንን ዘይት የጠጣ አሮጌ ደብተር ጣልኩት።

እናቴ ደሴ ነበረች። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ የራሷ ስልክም አልነበራትም። በየዒዱ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ያለው ሱቅ በር ላይ ዱካ አስወጥታ ትቀመጣለች፤ እዚህ ገና ጠዋት ነው፤ በሱቁ ቁጥር እደውልላታለሁ። አንድም ዒድ ሳልደውል ቀርቼ አላውቅም። «ድምፅሽን ካልሰማሁ ዒድ አይመስለኝም» ትለኝ ነበር።

በአንዱ ዒድ ዋዜማ፣ የሥራ ጓደኛዬ ስልኳ መሰረቁን ብትነግረኝ ደንግጬ በጣት የሚሰመረውን መክፈቻ ቀየርኩ። በማግስቱ ጠዋት አዲሱ ጠፋብኝ። ደጋግሜ ስሞክር ስልኩ ጭራሹን ተቆለፈ። ባለቤቴ ኮምፒውተሩን ከፈተልኝ፤ ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የእናቴን አባት ስም ጻፍኩ። ስህተት ነው አለኝ። የእናቴን የራሷን ስም ጻፍኩ። ስህተት። የአባቴን ስጽፍ ደግሞ ከዚህ በኋላ መሞከር አትችዪም አለኝ።

«ሪሴት እናድርገው፤ እንደ አዲስ ይነሳል» አለ ባለቤቴ።

«ሪሴት ካደረግነው የእማዬ ቁጥር ይጠፋል!» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ እሱ ምን አጠፋ?

የዒዱን ሶላት ትቼ ወደ ሮዝቪል ነዳሁ። ሱቁ አልተከፈተም ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እናቴ እዚያ ሱቅ በር ላይ፣ እኔ እዚህ ሱቅ በር ላይ። ልጄ ሞታለች ብላ ታስብ ይሆን እያልኩ የተዘጋውን በር ደጋግሜ አንኳኳሁ።

ያ ወጣት ሥራ ለቆ ነበር። በቦታው ያገኘኋት ሠራተኛ ትሁት ነበረች። «እኛ ሻጮች ነን፤ አካውንቱን የሚይዘው ካምፓኒው ነው። ኢሜይል ጻፊላቸው» አለችኝ። «ልደውልላቸው» ስላት የሚደወልበት ቁጥር የላቸውም አለችኝ። ስልክ የሚሠራ ካምፓኒ የሚደወልበት ስልክ የለውም! ሰዎች ዛሬ እነዚህን ትልልቅ ካምፓኒዎች ታምኛቸዋለሽ ወይ ሲሉኝ ያቺ ቀን ትመጣብኛለች። መኪና ስነዳ በስልኬ መንገድ ሲያሳዩኝ አምናቸዋለሁ። አደራ ግን፣ ቢጠፋ ፊቱን አይቼ ለማልጠይቀው ሰው አልሰጥም።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለዒድ የተኳልኩት ኩል ጉንጬ ላይ ወረደ። ያኔ ነው የተቆለፈው ስልክ የጮኸው። ለካ ተቆልፎም የሚደወልለትን ይቀበላል።

መጀመሪያ የባለሱቁን፣ ቀጥሎ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ደህና ነኝ እማዬ። ቁጥሬን ከየት አገኛችሁት?»

«ሱቁ በር ላይ በእስክሪብቶ አስጽፌው የለ! በሩ የት ይሄዳል?»

ባለሱቁ የራሱን ቁጥር እያነበበልኝ በዓይን ኩሌ እርሳስ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት፦ ስልኩ ያንቺን ስም ጠይቆኝ፣ እውነቱን ብነግረው ስህተት ነው አለኝ፤ ሌላ ሰው የሞላውን ነው የሚያምነው።



«እኔን ሳይጠይቁኝ?» አለችኝ።