ሽጉጤ አቤት ያላለ ቀን

ሽጉጤን ከኋላው ብትጠሩት ዞር አይልም። ይህን ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ያለ ሀበሻ ሁሉ ያውቃል፤ አውቆም አያርፍም፣ ያማዋል። «ኮርቷል» ይላሉ። «እዚያ ትልቁ ሕንፃ ሥራ ከገባ ወዲህ ጆሮው ጠፋ» ይላሉ። ሚስቱ ኤልሳቤት ራሷ አንድ ቀን ገበያ መሀል ሁለት ጊዜ ጠርታው ዝም ቢላት፣ ሦስተኛውን በቦርሳዋ ጀርባው ላይ ነው የጠራችው። ሰውዬው ግን ኩራት አልፈጠረበትም። ኧረ የምን ኩራት! ነገሩ ሌላ ነው።

እናቱ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በአንድ ትእዛዝ ነው። የጠራህን ሰው ካላየኸው፣ ሦስት ጊዜ እስኪጠራህ አቤት አትበል። ሰው ከሆነ ሦስተኛውን ይጠራል። ያ ስሙን የማይጠሩት ግን ከሁለት አያልፍም፤ አቤት ካልከው ይዞህ ይሄዳል። ብዙዎቻችን ይህን ሰምተን ነው ያደግነው፤ ስናድግ ትተነዋል፣ ወይም የተውነው መስሎናል። ሽጉጤ ግን ጆሃንስበርግ ድረስ ይዞት መጣ።

ታላቅ ወንድሙ ዱካሞ ለዚህ ለዚህ ደንታ አልነበረውም። ሆሳዕና ሳሉ አባታቸው፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ከጓሮ ሆነው «ሽጉጤ!» ብለው ሲጣሩ ትንሹ እዚያው ቆሞ መቁጠር ይጀምራል። የአባታቸው ትዕግሥት ደግሞ ሦስት ድረስ የሚዘልቅ አልነበረም። ዱካሞ ካለበት ሆኖ በወንድሙ ፈንታ «አቤት!» ይልና ይሮጣል። መላክም ከሆነ እሱ ይላካል፣ ዱላም ከሆነ እሱ ይቀበላል። «አንተ ቁጠር፣ አቤቱን ለኔ ተወው» ይለው ነበር፣ ጀርባውን እያሻሸ፣ እየሳቀ።

ደቡብ አፍሪካም ቀድሞ የገባው ዱካሞ ነው። ካትሌሆንግ በምትባል ከከተማው ዳር ባለች የጥቁሮች ሰፈር፣ እስፓዛ የሚሏቸውን የሀበሻ ትንንሽ ሱቆች ፍሪጅ ሲጠግን ከረመ፤ እጁ ሲታወቅ አንድ የማቀዝቀዣ ኩባንያ ቀጠረው፤ ኩባንያው ደግሞ ወደዚያ ሕንፃ ላከው። ወንድሙንም አስመጣና ጎኑ አሠራው።

ሕንፃው ከላይ ሲታይ ተራ ቢሮ ነው። ከመሬት በታች ግን ቅንጣቶችን እያሽከረከረ የሚያፋጥን ማሽን አለ። ማሽኑ ጨረሩን የሚወረውረው አውራ ጣት በምታክል ብረት ውስጥ ወዳለች ጥቂት ውሃ ነው። ያቺ ብረት ታርጌት ትባላለች። ውሃዋ ስትመታ የካንሰር ሕመምተኞች የምርመራ ፎቶ ከመነሣታቸው በፊት በደም ሥራቸው የሚገባ መድኃኒት ይወጣታል። ስትመታ ግን ትግላለች፣ እንደ ጉድ ነው የምትግለው። ከኋላዋ ቀዝቃዛ ውሃ ሳያቋርጥ ካልሮጠ ፊቷ ላይ ያለችው ስስ የብረት ፎይል ትበጠሳለች፤ ሆስፒታል ጾመው የሚጠብቁት ሰዎችም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ እንኳ አይቻልም፤ መድኃኒቱ ሰዓት በገፋ ቁጥር እጅ ላይ እንዳለ በረዶ እያለቀ ይሄዳል። የወንድማማቾቹ ሥራ እንግዲህ ያን ውሃ ማስሮጥ ነበር። ፓምፑን፣ ውሃውን የሚያቀዘቅዘውን ቺለር፣ ቧንቧውን፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዙትን ቀጫጭን ጎማዎች ሁሉ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ማሽኑ ያለበትን ክፍል ዋሻው ይሉታል። ግድግዳው ሰው ተጋድሞበት የሚተርፍ ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነው። በሩም ኮንክሪት ነው፤ በሐዲድ ላይ እያጓራ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ማሽኑ ሲነሣ እዚያ ውስጥ የቀረ ሰው ሳይቆስል፣ ሳይደማ፣ ምን እንደነካው ሳያይ አለቀለት። ስለዚህ የሚገባ ሁሉ በሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ቁልፍ ይዞ ይገባል፤ አንድ ቁልፍ ከጎደለ ማሽኑ እምቢ ይላል። በዚህ ላይ የማሽኑ ተረኛ ባፈና አለ። ባፈና የካትሌሆንግ ልጅ ነው፣ ከዱካሞ ጋር የድሮ ወዳጆች ናቸው። በሩን ከመዝጋቱ በፊት ዞሮ ያያል፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሠራተኛውን ስም ይጣራል። የሚጣራው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ተጣርቶ መልስ ካጣ፣ ሰው የለም ብሎ ይዘጋል።

እንግዲህ አስቡት። አንዱ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ይዘጋል፣ ሌላው ሦስተኛውን ካልሰማ አይመልስም። ዱካሞ በነበረበት ዘመን ይህ ችግር አልነበረም። ባፈና ማንንም ይጥራ ማንን፣ ከውስጥ «አቤት!» የሚለው ዱካሞ ነው። ባፈና ትርጉሙን ባያውቀውም ቃሏን ለምዷት ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ራሱ «አቤት! አቤት!» እያለ ይቀልድበታል።

ዱካሞ የሞተው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ነው። የቦት ጫማውን ማሰሪያ ለመሳብ ጎንበስ እንዳለ አልተነሣም፤ ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። አስከሬኑ አገር ቤት ተላከ። ሽጉጤ ግን ወረቀቱ አሳይለም፣ የጥገኝነት ነው፤ ከወጣ መግቢያ የለውም። ወንድሙን የሸኘው ኤርፖርቱ መጋዘን በር ድረስ ብቻ ነው። አፈር ሲለብስ አላየም፣ ቁሞ አላለቀሰም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

ከዚያ ወዲህ ሽጉጤ ባፈና መጣራት ሳይጀምር ከዋሻው ይወጣል፤ የቧንቧው ጥሪ የጀመረው ግን ያኔ ነው። ፓምፑ ሲጠፋ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስ ያቃስታል። ይህን ሁሉም ያውቃል። አንድ ቀን ግን ሽጉጤ ቺለሩ ሥር ተንበርክኮ ሳለ ቧንቧው አቃሰተ፣ አቃሰተና መጨረሻው ላይ «ሽጉጤ!» አለ። ቀጥ ብሎ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ደገመው፤ «ሽጉጤ!»። ሦስተኛውን ጠበቀ፤ አልመጣም። መስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ ይሆናል ብሎ አየሩን አስወጣው። በማግስቱም ጠራው። አየር ቢያቃስት ያቃስታል፣ የሰው ስም ግን ከየት ያመጣል?

«ዛሬም ጠራኝ» አላት ኤልሳቤትን፣ አንድ ቀን እራት ላይ።

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

ኤልሳቤት የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «አንተ ሰውዬ፣ ኋላ ጉድ ትሆናለህ! ተወው ይህን ጉድጓድ። የሰው ፍሪጅ ጠግነን አልበላንም እንዴ?»

«እሱ ቢሆንስ?»

«ማን?»

«ዱካሞ ነዋ። ድምፁ የሱ ነው።»

«እሱ ቢሆን ሦስተኛውን ይጠራህ ነበር!» አለች፤ ብላም ደነገጠች። ሽጉጤም በሆዱ ያሰላስል ጀመር። ወንድሙ ከሆነ ዝም ማለቱ ግፍ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ አቤት ማለቱ ሞት ነው። በዚህ መሀል ተይዞ እንዴት ይዋጥለት? ምግቡን ተወው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ መጣ፣ የጆሃንስበርግ ክረምት፣ ያ አጥንት የሚሰረስረው። በዚያ ላይ ሎድሸዲንጉ፣ መብራት በፈረቃ ማጥፋቱ። ያን ዕለት መብራቱ ጠዋት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ መብራቱ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። መብራት በተቀያየረ ቁጥር የዋሻው የማስጠንቀቂያ ደወል በከንቱ ይጮሃል። መጀመሪያ ሁሉም ይደነግጥ ነበር፤ ወደ ምሳ ሰዓት ግን ቀና ብሎ የሚያየውም ጠፋ።

የታርጌቱ ውሃ ኃይሉ ቀንሶ ስለነበር ሽጉጤ ቁልፉን ይዞ ገባ። ከማሽኑ ጀርባ ወለሉ ውስጥ የተቆፈረ ቦይ አለ፤ ቧንቧዎቹ የሚያልፉት በዚያ ነው። በደረቱ ተኝቶ ያረጀችውን ጎማ ቀየረ፣ ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ወጣ፣ ቁልፉንም ሳጥኑ ውስጥ መለሰ። ባፈና ዞሮ አየና «ሻርፕ፣ ምፎዌቱ፣ ጨርሰናል» አለው፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ወዲያው ስልክ ጠራ። የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው፤ ሕመምተኞቹ ከጠዋት ጀምሮ ጾማቸውን ተቀምጠዋል፣ መቼ ነው የምትልኩልን እያሉ ይጨቀጭቃሉ። ባፈና ፊቱን አዙሮ ይለማመጣቸው ጀመር።

ሽጉጤ የግፊት መለኪያውን አየ። መርፌው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወረደች። ያቺ ማሰሪያ ናት፤ እንደገና ብትጠብቅ ያልቃል። ባፈናን ከስልኩ ላይ ላስነሣው? ለአንዲት ማሰሪያ? በሩ ክፍት ነው፣ ደርሼ ብመለስስ? ብሎ፣ ቁልፍ ሳይዝ፣ ሰተት ብሎ ገባ።

ምን ይሉታል ይሄን? ዓመታት ሙሉ አንድ ቀን ያልተሳሳተ ሰው! ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም። ቁልፉ እኮ እጁ ሥር ነበር።

ቦዩ ውስጥ ወርዶ ተኛ። ማሰሪያዋን ገና ሲነካት መብራቱ ተቀያየረ፤ ፓምፑ ቆመ፤ ውሃው ወደ ኋላ ተመለሰና አቃሰተ።

«ሽጉጤ!»

እጁ ቁልፍ መፍቻው ላይ ደረቀ። ድምፁ በኮንክሪቱ መሀል ዞሮ ዞሮ ነው የደረሰው፤ ከበር ይሁን ከቧንቧ አይለይም። ዛሬም መጣህ? አለ በሆዱ። አፉን ገጠመ። አንድ።

«ሽጉጤ!»

ሁለት። ይኼኛው ቀረብ ያለ ነበር። ምላሱ ላይ የደረሰችውን አቤት ከንፈሩን ነክሶ መለሳት፤ ደሙ ጨው ጨው አለው። ሦስተኛውን ጥራኝ፣ እባክህ ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ ጨምር፣ እኔም እመልስልሃለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

ሦስተኛው አልመጣም። ደወሉ ጮኸ። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለ ደወል ነው፤ ሽጉጤ ከቁብ አልቆጠረውም። ከደወሉ ሥር ሌላም ነገር ያጓራል፤ ጄኔሬተሩ ነው አለ። ማሰሪያዋን ማጥበቁን ቀጠለ። ቦዩ ውስጥ ያለው ብርሃን ትንሽ በትንሽ እየደበዘዘ ሄደ፤ ይሄን የተረገመ መብራት ደግሞ አጠፉት ብሎ አጉረመረመ እንጂ ቀና አላለም።

ከዚያ ደወሉ ቀጥ አለ። ማጓራቱም ቆመ። ሽጉጤ ሥራውን ጨርሶ ከቦዩ ብቅ ሲል፣ የዋሻው በር ተዘግቶ ሊያበቃ ሰው በጎን የምታሾልክ ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች። በዚያች ስንጥቅ ባፈና ያን ሁሉ ግዙፍ ሰውነቱን በጎን እየጎተተ ሲገባ አየው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሃይቦ!» አለ ባፈና። «ምን ታደርጋለህ እዚህ? ቁልፍህ ሳጥን ውስጥ ነው! ልዘጋው ነበር እኮ! ዘግቼው ነበር! ልገድልህ ነበር!»

ሽጉጤ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። «የጠራኸኝ አንተ ነህ?»

«ታዲያ ማን ይጥራህ? ሁለት ጊዜ ጠራሁህ፣ ዝም አልክ። የበሩን መዝጊያ ተጭኜ ያዝኩ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መለስክልኝ፤ እጄን አነሣሁ።»

«መለስኩልህ?»

«አዎ። ጮክ ብለህ።»

«ምን አልኩ?»

ባፈና ተገርሞ አየው። «አቤት አልክ። ልክ ዱካሞ እንደሚለው፣ ረዘም አድርገህ። አንተ እንደሱ ስትል ሰምቼህ ስለማላውቅ እንዲያውም ገርሞኝ ነበር።»

ሽጉጤ ከንፈሩን ዳሰሰ። የነከሰበት ቦታ አሁንም ይደማል። ያን ያልለቀሰውን፣ ኤርፖርቱ መጋዘን በር ላይ የቀረበትን ለቅሶ፣ ኮንክሪቱ እስኪያስተጋባ አለቀሰው። ባፈና ምን እንደሆነ ሳይገባው አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻውን ይዞ ቆየ። «አንተ ቁጠር» ይል ነበር ሽጉጤ በለቅሶው መሀል፣ በአማርኛ፤ «አንተ ቁጠር ብሎኝ ነበር።»

መድኃኒቱ ያን ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ ግን ደረሰ። ሽጉጤ ቁልፍ ሳይዝ በመግባቱ ታገደ። ያሳገደው ባፈና ነው፣ ደግ አደረገ። ኤልሳቤትም ስትሰማ መጀመሪያ ሰደበችው፣ ቀጥላ እሷም አለቀሰች። እገዳው ሲያልቅ ወደ ሥራው ተመለሰ። ውጭ ዛሬም ሦስተኛውን ይጠብቃል፤ ባፈና ሲጠራው ግን ስሙን ሳይጨርስ ሽጉጤ አቤት ይላል። ቧንቧው ውሃው ሲመለስ እንደ ቀድሞው ያቃስታል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስም ጠርቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሯል። በሩ ሊዘጋ ሲል ባፈና ቆም ብሎ ይጠብቀዋል። ሽጉጤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ባዶው ዋሻ «ዱካሞ!» ብሎ ይጣራል። ሰው መሆኑን እንዲያውቅለት፣ ሦስት ጊዜ ነው የሚጣራው። እስካሁን አቤት ያለው የለም።