ጉዳይዋን ገና አልተናገረችም

የያዙኝ ባሮ ወንዝ ዳር ከዓሣ ሻጮች አምባዛ ስመርጥ ነው። ከሁለቱ ፖሊሶች አንደኛው ተማሪዬ ስለነበር ቀና ብሎ አላየኝም። «ቲቸር፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አለኝ ጫማውን እያየ። ጥፋቴ በከተማው ሀብታሞች ቤት ስለሚደበደቡ ሕፃናት ሠራተኞች መጻፌ ነበር። በእነሱ አነጋገር ይህ «ሕዝብ ማነሳሳት» ይባላል። የተነሳ ሕዝብ ግን እኔ አላየሁም።

እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ የሴቶቹ ክፍል ገባሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የጋምቤላን ፀሐይ ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ነፋስ የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ ስለሆነ እዚያ የምንተኛው በተራ ነበር። አዲስ ገቢ ደግሞ ቆማ ጉዳይዋን ለክፍሉ ትናገራለች፤ ሳትናገር ቦታ አይሰጣትም። ይህን ሕግ የምታስከብረው የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦ የምንላት፣ ግዙፍ የአኙዋ ዓሣ ሻጭ ነበረች።

የእኔን ሰምታ፣ «ለመጻፍ ነው የታሰርከው?» አለችኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «ለመጻፍ ብቻ?»

ከልቧ አዘነችልኝ። እሷ ቢያንስ ሰው በዓሣ መትታ ነው የገባችው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ አስገቡ። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ከዲማ ወርቅ እያመጣ በሚነግድ ሰው ቤት ስትሠራ ወርቅ ሰርቃለች ተብላ ነው። ክንዷ ላይ የቀበቶ ሰንበር ነበር። አንዷ እስረኛ፣ «ጉዳይሽን ተናገሪ እንጂ» አለቻት። ልጅቷ ክንዷን በቀሚሷ ሸፈነች።

«ተወው፣ ልጅ ነው» አለች ካቦዋ። «ሲፈልግ ይናገራል።» ከራሷ ተራ ተነስታ በበሩ ሥር አስተኛቻት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ከሰዓት በኋላ አሠሪዋ መጣ። ወርቁ በሚስቱ ቦርሳ ውስጥ ተገኝቷል። «ይቅር ብያታለሁ፣ ወደ ቤቴ ልውሰዳት» ሲል በበሩ ሰማነው። ልጅቷ ነቅታ ቀሚሴን ጨመደደች። አፌን ከዘጋሁ ያን ዕለት ማታ እንደምፈታ ተነግሮኝ ነበር። ፈራሁ።

በሩን የከፈተው ያ ተማሪዬ ነው።

«አትወጣም» አልኩት። «ጉዳይዋን ገና አልተናገረችም። ሳይናገሩ መውጣት በክፍሉ ሕግ ክልክል ነው።»

ሕጉ ስለ መግባት እንጂ ስለ መውጣት የሚለው ነገር አልነበረም። የቀረውን እኔ ጨመርኩበት።

«ቲቸር፣ ዛሬ ሊፈቱ አልነበር?»

«ነበር።»

ካቦዋ መጥታ በሩን ሞላችው። «ሕግ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። ሌሎቹም ከኋላዋ ቆሙ። ተማሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ፤ ከዚያ የልጅቷን ክንድ። ዞሮ ሰውየውን፣ «የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ሳታያት አትወጣም» አለውና በሩን ዘጋው።

በማግስቱ ሠራተኛዋ መጥታ ልጅቷን ኢታንግ ወዳለች አክስቷ ወሰደቻት። እኔ ክረምቱን እዚያው ከረምኩ።

አሁን ካምፓላ ነኝ። ስደተኛ ነኝ፤ እጽፋለሁ፤ ቀን ቀን የተጎዱ ልጆች በሚጠለሉበት ቤት እሠራለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ይህን ለማለት አላፍርም። አዲስ ልጅ ሲመጣ ምንም ሳልጠይቀው በመስኮቱ ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት አልጋ አስተኛዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት የደበደበውን ልጅ ሊወስድ በሩን እየደበደበ መጣ። ከፍቼ በተሰባበረ ሉጋንዳዬ፣ «ጉዳዩን ገና አልተናገረም» አልኩት። እንደ ካቦዬ በሩን መሙላት አልችልም፤ ስለዚህ እጆቼን ግራና ቀኝ ዘርግቼ ቆምኩ።