ለአዝመራ ያላደረስኩት መልእክት

ለነፍስ አባቴ ስንቱን ስናዘዝ ይህችን አንዷን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ጾም ያፈረስኩትን፣ ሰው ያማሁትን ሁሉ ቆጥሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እናንተ አታውቁኝም። ለእናንተ ልናገረውና ይውጣልኝ።

የቢቸና ዘመዶቼ፣ ልጃችን አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሲኒየር ሶፍትዌር ኢንጂነር ናት እያሉ ይኮሩብኛል። እኔ የማውቀውን እኔ አውቃለሁ። ቦታው የአዝመራ ነበር፤ እኔ ወሰድኩት።

አዝመራ የሞጣ ልጅ ናት። አብረን ተቀጠርን፣ እስክታገባ ድረስም አንድ ክፍል ተከራይተን ኖረናል። የኩባንያው የገንዘብ መላኪያ ሲስተም በየበዓሉ ዋዜማ ሕዝብ በአንዴ ሲገባበት ይወድቅ ነበር፤ "ሲስተም የለም" እያልን ስንሰደብ ከረምን። ሌሎቻችን ተጨማሪ ማሽን ይገዛ አይገዛ ብለን ስንጨቃጨቅ እሷ ዝም ብላ ሥራውን ከሥሩ ለወጠችው። ኮዷን ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው እንዴት ያስበዋል? ያ ሁሉ ውስብስብ ነገር እሷ እጅ ገብቶ ልጅ የሚረዳው ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ በመጣው የፋሲካ ዋዜማ ሲስተሙ ንቅንቅ አላለም። እሷ ግን አላየችውም፤ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ሞጣ ሄዳ ነበር።

እኔም ለእረፍት ቢቸና ነበርኩ። አለቃችን ደወሉልኝ።

"የአዝመራ ስልክ ዝግ ነው። የእድገት ኮሚቴው ለሲኒየር ቦታው ሰኞ ይቀመጣል። ሥራዋን በስልክ ታስረዳን፤ ካልሆነላትም አቆዩልኝ ትበለንና እንጠብቃታለን። አንቺ ቅርብ ነሽ፣ ድረሽና ንገሪያት።"

በማግስቱ ሞጣ ሄድኩ። እናቷ በር ላይ ተቀበሉኝ። ስልኳን ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል፤ "አራስ ልጄን ማንም በወሬ አያስደነግጥብኝም" አሉ። ገብቼ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ሳምኳት። ገንፎ ቀረበልኝ። አዝመራ ገና ሳልቀመጥ የጠየቀችኝ ስለ ሲስተሙ ነበር። ንቅንቅ አላለም ስላት እንባዋ መጣ።

ልነግራት ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ልነግራት ነበር የሄድኩት። ግን አስቀድሜ፣ እስቲ እንዴት አድርገሽ እንደሠራሽው አስረጂኝ አልኳት። ሕፃኗን እያጠባች በነጻ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ በጣቷ እየሳለች አስረዳችኝ። የሚመጣው ሰው እንዴት ተራ እንደሚይዝ፣ አንዱ በር ሲጨናነቅ ሌላው እንዴት እንደሚከፈት። ሕፃኗ ጠብታ አንቀላፋች። እኔ በአዝመራ አእምሮ ተደንቄ አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያው መሐል፣ አሁን እኮ እኔም አውቀዋለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ከዚያ በኋላ መልእክቱን አልነገርኳትም። ገንፎውን በልቼ፣ መርቄ ወጣሁ።

ከመናኸሪያው ደወልኩ። "አራስ ናት፤ እስከ ክርስትናው ድረስ ሥራ የሚባል አልሰማም አለች። አንቺ አስረጂልኝ፣ ለእድገቱም አንቺ ግቢበት ብላኛለች" አልኩ። አለቃችን ጭራሽ አፈሩ፤ እውነቷን ነው፣ አራስ ማስቸገራችንም ጥፋት ነው አሉ። በአገራችን ከአራስ ጋር ማን ይከራከራል? ይህን አውቄ ነው የዋሸሁት። ሰኞ የእሷን ሐሳብ በእኔ አፍ አስረዳሁ። እድገቱ ተሰጠኝ።

ከዚያ አዝመራ "እህት የለኝም፣ ክርስትና አንሺልኝ" አለችኝ። እንዴት እንቢ እላለሁ? በምን ምክንያት? ያቺን እፍኝ የማትሞላ ልጅ ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ። ወደ ምዕራብ ዞሬ፣ በእሷ ስም ሰይጣንን ክጄሃለሁ ስለው ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰው ሁሉ ከመንፈሳዊነት መሰለው። ውኃው ሲነካት ጮኸች፣ ሜሮን ተቀባች፣ ማዕተብ ታሰረላት። እንደዚያ ቀን እግዚአብሔርን ፈርቼ አላውቅም። ግን ያኔም አልተናገርኩም።

ወደ ሥራ ስትመለስ አለቃችን አፍረው ነገሩን አላነሱባትም፤ መጀመሪያ ያቀፈችኝም እሷ ነበረች። "ከሁለታችን አንዳችን መድረሳችን ነው ዋናው። እኔማ በወለድኩበት ሰሞን ሆነብኝ፤ አራስን ማን ይጠብቃል?" አለች። ይህንን ይዛ ቀረች። ባሏ ሁለተኛ እንውለድ ሲላት፣ አንዱን ወልጄ የሆንኩትን አይቻለሁ እያለች እስከ ዛሬ አልወለደችም።

አምና ልጅቷ እኔ ቤት ምሳ እየበላች ነበር፤ ትምህርት ጀምራለች። ማንኪያዋን አስቀምጣ "እማዬ እኔን ባትወልደኝ ኖሮ አለቃ ትሆን ነበር አይደል?" አለችኝ። ከማን እንደሰማችው አልጠየቅኋትም። "ብዪ፣ ይቀዘቅዛል" አልኳት። እሺ ብላ በላች።

እስከዚያ ቀን የበደልኩት እናቷን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ቸግሮኝ ነበር አልልም፤ አልቸገረኝም። ይቅር በሉኝ ብዬ ብለምናችሁስ እናንተ ምን አገባችሁ? ያቺ ልጅ በመወለዷ እናቷን እንደጎዳች እያመነች እያደገች ነው፤ አይደለም፣ እናትሽን የጎዳሁት እኔ ነኝ ብዬ ያልነገርኳት ደግሞ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ።