ታንኳው ለምን ቆሞ ያድራል

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ሥራ ደንገል መሸከም ነበር። እሑድ ጠዋት ነው። ሐይቁ ዳር ከደንገል ቄጠማ ታንኳ ከሚሠሩ ሰዎች አንድ እስር እርጥብ ደንገል ገዝተን፣ እሱ በትከሻው፣ እኔ ከኋላ ጫፉን ይዤ፣ ዘንባባ ወደ ተተከለበት አስፋልት ወጣን። ባጃጅ ስናስቆም ሹፌሩ ወርዶ ደንገሉን ዙሪያውን አየው።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ከባጃጇ ይረዝማል።»

«እኔና እሷ እንታጠፋለን፤ እሱ ይቀመጥ» አለ ባለቤቴ።

እንዳለውም ተጣጥፈን ሄድን። የደንገሉ ጭራ በጎን ወጥቶ መንገደኛውን ይጠርግ ነበር።

ከሐይቁ ዳር ሳንነሣ አንድ ነገር ጠይቄው ነበር። ታንኳዎቹ ከውኃ ወጥተው፣ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል። በዚህ ከተማ ልጅ ወልጄ አሳድጌ፣ በየጊዜው ሳያቸው ኖሬ፣ ለምን እንደሚያቆሟቸው አስቤ አላውቅም። እሱ የሳይንስ መምህር ነው፤ እኔ የአማርኛ። መልሱን እንደሚያውቅ ፈገግታው ያስታውቃል።

«ልጆቹ ይንገሩሽ» አለኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምራቸውን ተማሪዎቹን ማለቱ ነው።

ተናደድሁ። ባጃጁ ውስጥም ስጨቀጭቀው ሄድሁ፤ አልነገረኝም።

ሳምንት ሳይሞላ ልቡ ቆመ።

ደንገሉ በረንዳው ላይ ግድግዳ እንደተደገፈ ቀረ። ለቅሶ የመጣው ሰው እየታከከው ገባ፣ እየታከከው ወጣ። ጎረቤቴ «ይኼን ልጣለው?» ስትለኝ «ተይው» አልኋት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አርባው ሲወጣ አረንጓዴው ጠፍቶ፣ ገለባ መስሎ፣ ቢያነሡት የማይከብድ ሆኖ ነበር።

በትምህርት ቤታችን የተሰበረ ወንበር ይከማችባት የነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ባለቤቴ ጠርጎ ጠረጴዛ አስገባባትና ቅዳሜ ቅዳሜ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ሳይንስ በእጃቸው እያሠራ ያስተምርባት ነበር። ሥራ ስመለስ ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝ። ደግ ሰው ነው፤ ቀብሩ ላይ አልቅሷል።

«ስምንተኛዎቹ ማጠናከሪያ የሚማሩበት አጥተዋል» አለ። «ክፍሏን ልወስዳት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። የሚያስተምርባት ሰው የለም።»

«እኔ አስተምርባታለሁ።»

«እርስዎ እኮ የአማርኛ መምህር ነዎት።»

«ማንበብ አያቅተኝም።»

ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ ቆየ። «እስከ ወላጆች ቀን ይያዟት። ልጆቹ የሠሩትን ያሳዩኝና ከዚያ እንወስናለን።»

ክፍሏ ከሄደች ባለቤቴን ሁለተኛ የምቀብረው መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ደንገሉን ይዤ ሄድሁ። ሊያስተምር ያሰበው ስለ መንሳፈፍ እንደነበር አውቃለሁና መጽሐፉን ደጋግሜ አንብቤ ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ግጥም በማነብበት ድምፄ፣ ዕቃ ለምን እንደሚንሳፈፍና ለምን እንደሚሰምጥ አነበብሁላቸው።

«ገባችሁ?»

«አዎ፣ ቲቸር» አሉ ባንድ አፍ።

«እስቲ አንዳችሁ ንገሩኝ» ስል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ናቸው፤ እሷም ክርክርን ከሱቅ ተምራ የመጣች ናት።

«ቲቸር፣ ጋሼ እኮ ቆመው አያነቡም ነበር።»

«ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔን ያከራክሩኛል። ‹አይሰምጥም› ስል ‹ይሰምጣል› ይሉኛል፣ እስክናደድ ድረስ። ስናደድ ይገባኛል።» ወደ ኋላ ዞራ በአገጯ ጠቆመች። «እሱን ደግሞ ምንም አይጠይቁትም። እጁ ላይ ሥራ ያስቀምጡለትና ይሄዳሉ።»

የጠቆመችው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር።

«ያቺን ደግሞ ያስሥሏታል፤ ካልሣለችው አይገባትም» ብላ አጠገቧ ወዳለችው ልጅ ዞረች።

«አንቺ ደግሞ የሰው ሁሉ ነገር ያገባሻል» አለች ሥዕል የምትሥለዋ።

«እናንተ ዝም ስለምትሉ ነዋ። አንድ ሰው መናገር አለበት።»

ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ዝምተኛው ልጅ ደንገሉን በልጥ እያሰረ ክንድ የምታክል ታንኳ ሠራ፤ አልወደዳትምና ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ሌላ መንትያዋን ሠራ። የነጋዴው ልጅ ምን ያህል ድንጋይ እንደምትሸከም ከሁሉም ጋር ተከራከረች፤ ከእኔም ጋር። እኔም በማላምንበት ነገር ድርቅ ማለትን ለመድሁ። ሠዓሊዋ አዲሷን ታንኳ፣ ባዶዋን፣ ውኃው የት ድረስ እንደሚነካት በመስመር ሣለች። የከበደኝ ልጁን ዝም ብሎ መተው ነው። አፌን ይበላኝ ነበር። ማብራራት በጀመርሁ ቁጥር እጁ ይቆማል፤ ዝም ስል ይቀጥላል።

የወላጆች ቀን ዋዜማ አዲሷ ታንኳ የድንጋይ ክምር ተሸክማ ውኃ የሞላንበት ሳፋ ላይ ተንሳፈፈች። ደስታው አቅላችንን አሳተንና ድንጋዩን ብቻ አንሥተን፣ እንግዶቹን ተንሳፍፋ ትቀበል ብለን፣ እዚያው ውኃ ላይ ትተናት ክፍሏን ቆለፍሁ።

ጠዋት ወላጆች ገቡ። ርእሰ መምህሩ ክራቫት አስሮ ከፊት ቆመ። ልጁ የትናንቱን ድንጋይ አንድ በአንድ ጫነ። ግማሹን ሳይጨርስ ታንኳዋ ጎኗን ሰጠችና ሰመጠች።

«ይህችስ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ አታደርስም» አሉ አንድ አባት። ሰው ሳቀ። ርእሰ መምህሩ አልሳቀም፤ መሬት መሬት አየ። ክፍሏ ሄደች አልሁ በልቤ።

ልጁ እጁን ሳፋው ውስጥ ከትቶ ታንኳዋን አወጣት። መዳፉ ላይ አድርጎ ቆየ። ከግድግዳው መንትያዋን አወረደና ሁለቱንም የነጋዴውን ልጅ አስያዛት።

«ያዢ» አላት።

ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ አንዱን እጇን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ አደረገች። «ውኃ ጠጥታለች» አለች ቀስ ብላ። ከዚያማ ማን ያቁማት። ሌሊቱን ሳፋ ውስጥ ስላሳደርናት ደንገሉ ውኃ መምጠጡን፣ ድንጋይ ሳይጫንባት አስቀድሞ ውኃ እንደተጫነባት፣ ለወላጆቹ ታስረዳ ጀመር። ሠዓሊዋ እርጥቧን ታንኳ ባዶዋን መልሳ አንሳፈፈቻትና ከቀድሞው መስመር በላይ የዛሬውን አሠመረች። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየች። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው የጠጣችው ውኃ ነበር።

«እርግጠኛ ናችሁ?» አለ ርእሰ መምህሩ።

ልጁ ሁለቱን ታንኳዎች አንሥቶ በርእሰ መምህሩ እጆች ላይ አኖረለት። ውኃው በእጅጌው ወረደ። ሰውየው እጆቹን እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አደረገ።

«እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ» አለ። «አባቴ ‹ታንኳውን አውጥተህ አቁም› ይለኛል፤ አቆማለሁ። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም።»

«እንዲደርቅ ነዋ» አለች የነጋዴው ልጅ። «ተኝቶ ውኃ ላይ ካደረ በማግሥቱ ሰው አይሸከምም።»

ልጆቹ ይንገሩሽ ብሎኝ ነበር። ነገሩኝ።

ደረቋን ታንኳ አንሳፈፍን። የድንጋዩን ክምር ሁሉ ተሸከመች። ልጅቷ ወደ ቀለዱት አባት ዞረች።

«አሁን ስልክዎን ይጫኑባት፤ ዘጌ እናድርስልዎ።»

«ስልኬንስ አልሰጥም» አሉ፣ ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፍነው። የአሁኑ ሳቅ ሌላ ሳቅ ነበር። ልጁም ሳቀ፤ ድምፁ ወፍራም ኖሯል።

ርእሰ መምህሩ እጅጌውን እየጨመቀ ወደ እኔ መጣ። «ማጠናከሪያውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እናደርገዋለን። ክፍሏን ይያዟት» አለኝ። «ሌላ ጊዜ ግን እጄን ስትፈልጉት አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ሸሚዜን እሰበስባለሁ።»

ቤት ስገባ በረንዳው ላይ ደንገሉ ተደግፎበት የነበረው ግድግዳ ፊት ቆሜ መልሱን ድምፅ አውጥቼ ተናገርሁት።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ክፍሏን እከፍታለሁ፤ ሳፋውን ውኃ እሞላለሁ። ልጆቹ ሠርተው ሲሄዱ ታንኳዎቹን ከውኃ አውጥቼ ግድግዳው ላይ አስደግፌ አቆማለሁ።